የ14 ዓመት የቤት ድመት፦ የሌሊት ጩኸት፣ ከሳፋ ውጭ ሽንት፣ እየበሉ መክሳት። እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

የአራት ኪሎዋ ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ድመታችን 14 ዓመቷ ነው። ሴት ነች፣ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል። የምንኖረው አራት ኪሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከመስከረም ወዲህ ጠባይዋ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ኮሪደር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ምግብ ስትለምን የምታሰማው ድምፅ አይደለም፤ ረዘምና ወፈር ያለ ነው። ስንጠራት ዝም ትላለች፣ ስንተኛ ትቀጥላለች። ሰጋቱራ ያለበት ሳፋዋ በረንዳ ላይ ነው። እስካሁን ስታ የማታውቅ ድመት አሁን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ባኞ ቤት በር ላይ ያለው ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። ዓይነ ምድሯን ግን አሁንም ሳፋው ውስጥ ነው የምትጥለው። ቡፌው ላይ መውጣት ትታለች። ከወገቧ በታች ያለው ፀጉር ተድበልብሏል። ምግብ ላይ ከድሮም ብሶባታል፤ ሆኖም የጀርባ አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል። የምትበላው የተቀቀለ ሳንባና ጉበት ነው፤ አንዳንዴ ከእኛ ማዕድ ትቀምሳለች።

እናቴ «አርጅታ ነው፣ ተዋት» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ሌሊት እንድትተኛ ግማሽ ፓራሲታሞል ስጧት ብሎናል። ክሊኒክ ከመሄዳችን በፊት ምን እንይ? እዚያስ ምን እንጠይቅ?

ከመደርደሪያው ጀርባ መለሰ፦

ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱልሻል፤ እኔ ስለ መድኃኒቱ ብቻ። ፓራሲታሞል እንዳትሰጪያት። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት አክሽፎ የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሳይወገድ የቀረው ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የ500ው ክኒን ግማሽ 250 ሚሊ ግራም ነው፤ እንደሷ የከሳች ድመትን ሊገድላት ይችላል።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው፤ እነሱ የሚጎዱት ኩላሊትና ጨጓራ ነው። ከዚህ አንዱን የሰጣት ሰው ካለ «እስኪ እንያት» ተብሎ አይታደርም። የክኒኑን እሽግ ይዛችሁ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው።

ለቁንጫ ለውሻ ተብሎ የሚሸጠውን ጠብታም ራቂ። ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ድመትን ያንቀጠቅጣል። በረሮ ለማጥፋት ፍሊት ስትነፊም እሷን ሌላ ክፍል ዘግተሽ፣ ወለሉ ተወልውሎ እስኪደርቅ አታስገቢያት። አሮጌ ድመት ሰውነቷን ብዙ ባትልስም መዳፏን መላሷ አይቀርም።

ሐኪም ዘእንስሳት መለሰ፦

የዘረዘሯቸው ምልክቶች የአንድ በሽታ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ ሁለት ሦስት ችግር ተደራርቦ ይመጣል፤ አንዱን አግኝቶ «ተገኘ» ብሎ ማቆም ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

እኔ ቀድሜ የማነሳው እየበላች መክሳቷን ነው። ያረጀች ጤናማ ድመት ትንሽ ጡንቻ ትቀንሳለች እንጂ ምግብ እየጨመረች አትመነምንም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ነው። አንገት ላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነቷ የበላችውን ሁሉ ያቃጥለዋል፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል፣ እረፍት ታጣለች፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ አንዳንዴ ታስመልሳለች። ሁለተኛው ስኳር ነው። ሦስተኛው የአንጀት በሽታ ነው፤ እሱን የምንፈልገው ሌሎቹ ከተጣሩ በኋላ ነው። የኩላሊት ድክመት ብቻውን ሲሆን የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ የእርሶዋን አይመስልም፤ ከታይሮይድ ጋር ሲደረብ ግን ይመስላል። ታይሮይዱም ኩላሊቱም ደግሞ የደም ግፊት ይጨምራሉ። ግፊት ያለባት ድመት ሌሊት መጮኋ የታወቀ ነው።

ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ አራት ነገር ይለኩ።

ክብደት፦ ይዘዋት ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ አስቀምጠዋት ብቻዎን ይቁሙ፣ ይቀንሱ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው መካከለኛውን ይያዙ፤ የሰው ሚዛን 100 ግራም ወዲህ ወዲያ ይላል። ከዚያ የክትባት ደብተሯን ከፍተው ከድሮው ጋር ያስተያዩ። ባለ 4 ኪሎ ድመት በወር 200 ግራም ከቀነሰች ለሐኪም የሚነገር ነው።

ውኃ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በልክ 500 ሚሊ ሊትር ያቅርቡላት። ልክ እንደሱ ያለ ሌላ ሳህን በዚያው መጠን ሞልተው እሷ የማትደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ በራሱ የሚተነውን የሚያውቁት በዚያ ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሁለቱን ቀሪ ይለኩና ልዩነቱን ይያዙ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ባልዲውም በርሜሉም ይከደን፤ ድመት ከሳህኗ ይልቅ የባልዲ ውኃ ትመርጣለችና ልኬቱ ከንቱ ይሆናል። በ24 ሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 50 ሚሊ ሊትር ጤነኛ ነው። ከ100 ካለፈ አያጠራጥርም። የተቀቀለ ሥጋ ራሱ ብዙ ውኃ ስላለው እንደሷ ያለች ድመት መጠጣት ያለባት እንዲያውም ከ50ው በታች ነው።

ትንፋሽ፦ እንቅልፍ ሲወስዳት ደረቷ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ብለው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩ፣ በሁለት ያባዙ። በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። በተለያየ ቀን ደጋግሞ ካለፈ ልብ ወይም ሳንባ ይታያል።

ዓይን፦ መብራት በርቶ ጥቁሩ ክብ ሰፍቶ ከቀረ፣ ወይም ቁራጭ ጥጥ ከፊቷ ሲጥሉላት በዓይኗ ካልተከተለችው፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። የደም ግፊት የዓይን መጋረጃን ከቦታው ያላቅቃል። በዚያው ቀን መድኃኒት ከተጀመረ የማየት ተስፋ ሊኖር ይችላል፤ ከቆየ የለም።

ክሊኒኩ ደግሞ አንገቷን ይዳስስ፣ ልቧን ያዳምጥ፣ ጥርሷን ይይ። ከደም ምርመራ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኩላሊትን የሚያሳዩትን ክሬያቲኒንና ዩሪያ፣ ፖታሲየም፣ ግሉኮስ (ስኳር) እና ጠቅላላ ቲ-4 (የታይሮይድ ሆርሞን) ይጠይቁ። ከሽንት ውፍረቱን፣ ፕሮቲኑንና ስኳሩን። የደም ግፊት መለኪያ ለድመት የሚሆን ትንሽ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ እሱና ቲ-4 መኖራቸውን በስልክ አጣርተው ይሂዱ። ከተማ ውስጥ ካጡ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

ውጤቱ ሲነበብ ሁለት ወጥመድ አለ። ድመት ስትደነግጥ ብቻ ስኳሯ ይወጣል፤ የአንድ ቀን የደም ግሉኮስ ይዞ ኢንሱሊን መጀመር አይገባም፣ ሽንቷ ላይም ስኳር መገኘት አለበት። ግፊቷም እንደዚሁ ነው፦ ጸጥ ባለ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል አርፋ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተለክታ፣ የመጀመሪያው ተትቶ አማካዩ ይያዛል። የላይኛው ቁጥር ከ160 በላይ እየደጋገመ ከመጣ ይታከማል፤ ከ180 ካለፈ አያሳድርም።

ቤተ ድመት መለሰች፦

ሐኪሙ የውስጡን ተናግሯል፤ እኔ የቤቱን ልናገር። እህቴ፣ ሽንቱ ምንጣፍ ላይ፣ ዓይነ ምድሩ ሳፋ ውስጥ መሆኑ ብዙ ይናገራል። ጠባይ ብቻ ተበላሽቶ ቢሆን ሁለቱም ሊዛነፉ ይችሉ ነበር። ብዙ የምትሸና ድመት ፊኛዋ ቶሎ ስለሚሞላ ሌሊት በብርድ በረንዳ ድረስ መሄድ ይከብዳታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች እንደምትወርድ አትርሺ፤ በዚያ ላይ ሴራሚኩ ራሱ በረዶ ነው። ባኞ ቤቱ ቅርብ፣ ምንጣፉ ለስላሳ። በእሷ ቦታ ሆነሽ እይው።

የበረንዳውን ሳፋ አታንሺ፤ ሁለተኛ ጨምሪ። አዲሱን ምንጣፉ የነበረበት ቦታ ላይ አድርጊና ምንጣፉን አውጪው። ሳፋው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ያለውን አንድ ተኩል እጥፍ ይርዘም፤ የልብስ ማጠቢያው ትልቁ ሳፋ ይበቃል። አንዱን ጎን ከወለሉ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በጋለ ቢላ ቁረጪው። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቂና በፕላስተር ሸፍኚ፤ ሆዷን ከቧጨራት ዳግመኛ አትገባበትም። የአሮጌ ድመት ወገብና ጉልበት የ20 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ መሻገር ያመዋል። ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው ድመቶች ራጅ ሲነሱ ከ10 ዘጠኙ ላይ የመገጣጠሚያ ለውጥ ታይቷል፤ የሚያነክሱት ግን ጥቂት ናቸው። መዝለል መተው፣ ወገብ አካባቢ አለመላስ፣ ሲነኩ መቆጣት፣ የድመት ማነከስ ይኸው ነው።

ሰጋቱራው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ከሚቆርጥ ወይም ቫርኒሽ ከሚቀባ ቤት ከሆነ ሙጫና ኬሚካል አለበት፣ አቧራውም ያስነጥሳታል። የታጠበና የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ለመዳፏ ይሻላል። ጥቅሙ ደግሞ ሽንቱን በእርጥብ ጓል ይይዝልሻል፤ በቀን ስንት ጓል፣ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ማየት ትችያለሽ። በአንዴ አትቀይሪው። መጀመሪያ ሩብ አሸዋ፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ግማሽ፣ እያልሽ ሂጂ። ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ እግሯ ይሰምጥና ሚዛን ያሳጣታል።

ሽንት ላይ በረኪና አታፍስሺበት። ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ለእናንተም ለእሷም አይሆንም። በጨርቅ ምጠጪ፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢ፣ ለብ ባለ ውኃ የዱቄት ሳሙና አሟሙተሽ አፍስሺበትና ሩብ ሰዓት ተይው፣ አለቅልቂ። ሲደርቅ አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ውኃ አድርገሽ ጥረጊው። ሽታው ለሰው አፍንጫ ቢጠፋም ለእሷ እስካለ ድረስ ቦታው ሽንት ቤት ነው።

ሶፋው ሥር ዝቅተኛ ዱካ አስቀምጪላት፤ አንዱ እርምጃ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ላዩ ላይ ጨርቅ ስፊበት፣ እንጨቱ ያንሸራትታታል። ሊሾም ሴራሚክም ላይ ከመኝታዋ እስከ ምግቧ እስከ ሳፋዋ ምንጣፍ ዘርጊ። ጥፍሯን በየሁለት ሳምንቱ እዪ፤ በዚህ ዕድሜ ወፍሮ ይጠመዘዝና መዳፏ ውስጥ ይገባል። የተድበለበለውን ፀጉር በመቀስ አትቁረጪ። ቆዳዋ እንደ ወረቀት ስለሳሳ ፀጉሩን ብለሽ ቆዳውን ትቆርጫለሽ። በማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረሽ ፍቺው፣ እምቢ ካለ ክሊኒክ በማሽን ይላጭ።

የአራት ኪሎዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ለካን። ክብደቷ 3.1 ኪሎ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው የመጨረሻው 4.0 ይላል። ውኃ በ24 ሰዓት 330 ሚሊ ሊትር ጠጥታለች፣ የተነነው ተቀንሶ። ትንፋሽ 26። ጥጡን ተከትላዋለች። ቀጠሮ ይዘናል። ሦስት ጥያቄ ይቀረኛል፦ ሽንቱን እንዴት እንያዝ? ታይሮይድ ከሆነ ፋርማሲ ፒቲዩ የሚባል የታይሮይድ መድኃኒት አለ ብለውናል፣ እንግዛ? ደግሞ ዓቢይ ጾም እየመጣ ነው፤ ቤታችን ሥጋ አይገባም፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤትም ይዘጋል። ምን እናብላት?

ሐኪም ዘእንስሳት፦

ክብደቷ ከሩብ ጥቂት ያነሰ ወርዷል። ውኃው ለኪሎ ከ106 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ያለውን ሳይጨምር። ቀጠሮውን ማቅረብ ከቻሉ ያቅርቡት።

ፒቲዩ አይግዙ። ለሰው ይታዘዛል፤ ድመት ላይ ግን ሰውነቷ የራሷን ቀይ የደም ሴል እንዲያጠፋ ስለሚያደርግ ከተተወ ቆይቷል። ለድመት የሚታዘዘው ሜቲማዞል ነው፣ ወይም እሱኑ የሚሆነው ካርቢማዞል። ሜቲማዞል አብዛኛውን ጊዜ ከ1.25 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይጀመራል፤ መጠኑን ግን የቲ-4 ውጤት ያየ ሐኪም ይወስን። ክኒኑን የሚሰብር ሰው ጓንት ያድርግ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጭራሽ አትንካው። ከጀመረች በኋላ ፊቷን እስኪደማ ብታክ፣ ብታስመልስ፣ ምግብ ብትተው ክኒኑን አቁመው ይደውሉ።

ከተጀመረ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ-4 እና ክሬያቲኒን ይደገማሉ። ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ድመቷ ወፍራ፣ ጩኸቱ ቀርቶ፣ «ዳነች» ይባላል። ታይሮይዱ ሲጋልብ ደም ወደ ኩላሊት በኃይል ይሄዳል፣ ጡንቻም ይቀልጣል፤ ሁለቱም ክሬያቲኒንን ዝቅ አድርገው ያሳያሉ። መድኃኒቱ ታይሮይዱን ሲያረጋጋው ተደብቆ የነበረው የኩላሊት ድካም ይወጣል። መድኃኒቱ ኩላሊት አበላሸ ማለት አይደለም፤ መጠኑን በልክ ማስተካከል ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬው ክሬያቲኒን ደህና ቢሆን አይዘናጉ፤ የሽንቱ ውፍረት ነው የሚያጋልጠው። ከውኃ አንጻር ሲለካ ከ1.035 በታች ሆኖ ውኃ የምታበዛ ከሆነ ኩላሊቷ ይጠረጠራል።

ግፊት ከተገኘ አምሎዲፒን ነው። የሰው ባለ 5 ሚሊ ግራም ክኒን ስምንተኛው ክፍል፣ 0.625 ማለት፣ የተለመደው መነሻ ነው። በእጅ ስምንት ቦታ እኩል አይከፈልም፤ የክኒን መቁረጫ ይግዙ ወይም 2.5ቱን ፈልገው አራት ቦታ ይክፈሉት። ሳይለኩ ግን አይሰጥም።

የጉለሌው፦

ጉበት ደም ይሆናል፣ ለከሳች ድመት ከጉበት የተሻለ ምን አለ? ሳንባና ጉበት በልተው ያደጉ ስንት ድመቶች አሉ።

ቤተ ድመት፦

ያደጉትማ አሉ፣ የጉለሌው፤ ሲያረጁ አንገታቸው አልዞር ያለውን ማን ቆጠረው? ጉበት ቫይታሚን ኤ የተከማቸበት ነው። በየቀኑ ለዓመታት ሲበላ የአንገትና የጀርባ አጥንት ላይ ተጨማሪ አጥንት ይበቅልና አንጓዎቹ ይጣበቃሉ። አንገቷን ማዞር የማትችል ድመት ወገቧን አትልስም፣ ጎንበስ ብሎ መብላት ያማታል። የዚህችም ፀጉር መድበልበል በከፊል ከዚያ ሊሆን ስለሚችል፣ እህቴ፣ ምግቧን ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ የአንገት ራጅ ያዝልሽ ይሆናል። ጉበት ከሳምንቱ ምግብ ከ20 አንድ እጅ አይለፍ። ሳንባ ርካሽ ነው፣ ሆድ ይሞላል፤ ካልሲየም ግን የለውም፣ ሥጋን ያህልም አያጠነክርም።

ለጾሙ፦ 55 ቀን ነውና ከቅበላው በፊት አስቢበት። የዶሮ ጭንና ደረት ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ፣ አጥንቱን አውጥተሽ፣ የ30 ግራም ቁራሽ እያደረግሽ በፌስታል ፍሪዘር ክተቺ። መረቁን አትድፊው። ታውሪን የሚባለው ድመት ያለሱ ዓይኗና ልቧ የሚታመምበት ነገር ሲቀቀል ወደ ውኃው ይወጣል፤ አብረሽ አቀዝቅዢው። በዚህ ክብደቷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ሥጋ፣ በአራት ጊዜ ተከፍሎ፣ ሲቀርብ ለብ ይበል። ሥጋ ብቻ ግን ሙሉ ምግብ አይደለም። የምግቧን ግማሽ ለድመት ተብሎ የታሸገ እርጥብ ምግብ ቢይዘው ካልሲየሙም ታውሪኑም ይሟላል። የተቀቀለ እንቁላል በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሆናል። ቱና ከሆነ በውኃ የታሸገው፣ እሱም አልፎ አልፎ።

ሽሮና ምስር አትስጧት። ቁሌቱ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ደርቆም፣ የድመት ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ በርበሬውም ነጭ ሽንኩርት አለበት። ዶሮ ወጥም እንደዚያው ነው፤ ለፋሲካ ሥጋውን አጥቤ ልስጣት አትበይ። ለውጡን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ አድርጊው። ይርባታልና ትበላለች ብላችሁ አትጨክኑባት፤ ድመት ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፣ ያ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ኩላሊቷ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሐኪሙ ፎስፈረስ ያነሰበት ምግብ ያዝላታልና ይህ ሁሉ እንደገና ይስተካከላል።

ካዛንቺስ የነበረው፦

ሁሉም ተመርምሮ ነጻ ከሆነችስ? ወይም ታክማ ጩኸቱ ካልቆመ? የአእምሮ እርጅናም አለኮ።

ሐኪም ዘእንስሳት፦

አለ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ግማሽ ያህሉ ምልክቱን ያሳያሉ። ግን የሚባለው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው፤ ደም ያረጋግጠዋል የሚባል ምርመራ የለውም። የሚለየው ግራ መጋባቷ ነው። ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትቆማለች፣ በሩ በሚከፈትበት ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ትጠብቃለች፣ በልታ ወዲያው ሳህኑ ጋ ትመለሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሌሊቱን ትዞራለች። የእርሶዋ ስትጠራ ዝም ማለቷ መስማቷን ያሳያል፤ የደነቆረች ድመትም የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ነው የምትጮኸው። ለማጣራት ጀርባዋን ስትሰጥ ቁልፍ ያንቃጭሉ፤ ወለል አይምቱ፣ ንዝረቱን በእግሯ ትሰማለች።

ለሌሊቱ፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ በገመድ ወይም በጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያጫውቷት፣ 4 ሰዓት ላይ የቀኑን የመጨረሻ ምግብ ይስጧት። መኝታዋ አጠገብ በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በጋቢ ቁራጭ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ እጅዎን አስደግፈው የሚችሉት ሙቀት ይሁን። ኮሪደር ላይ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ይብራ፤ መብራት ሲጠፋ ነው ይበልጥ የምትደነግጠው። ስትጮህ ተነስቶ ማብላት ጩኸቱን ያስተምራታል፤ መቆጣት ደግሞ ጭንቀቷን ይጨምራል። ሶፋና ቡፌ ቦታ አይቀያየሩ። ቡና ሲፈላ ዕጣንና ከሰሉ በሌላ ክፍል ይሁን፣ ወይም መስኮት ይከፈት፤ የምትደበቀው በሰው ብዛት ብቻ አይደለም።

የጉለሌው፦

ከቤት አትወጣም ቢባልም፣ በቀናት ውስጥ በድንገት የምትነክስ፣ ምራቋ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት ድመት ካለች እርጅና አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድመቷ አትገደል፤ ተለይታ ትዘጋና 10 ቀን ትታይ። በረንዳ ያለው ቤት ክትባቱን በየዓመቱ አይዝለል፤ የሌላ ሰው ድመት በረንዳ ለበረንዳ ይሻገራል።

ሐኪም ዘእንስሳት፦

የጉለሌው ያለው ትክክል ነው። የእርሶዋ ግን ለወራት የዘለቀና ቀስ ያለ ስለሆነ ከዚያ ይለያል።

የሽንቱን ጥያቄ አልመለስኩም። ማታ አንዱ ሳፋ በሙቅ ውኃ ብቻ ታጥቦ ይድረቅ፤ ሳሙና ውጤቱን ያበላሻል። ንጹሕ ፌስታል የጣት ርዝመት እያደረጉ ቆራርጠው አሸዋው በነበረበት ይበትኑበት። ትቧጭረዋለች፣ ፌስታሉ ግን ሽንቱን አይመጠውም። ሌላውን ሳፋ ለዚያች ሌሊት ያንሱት። ጠዋት ሳፋውን ዘንበል አድርገው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ይሳቡ፣ ጫፉን በፕላስተር ዘግተው ሰዓቱን ይጻፉበት። ወዲያው ካልሄዱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ፍሪዘር ግን አይግባ፤ በዚያው ቀን ይድረስ። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ ይህ አይበቃም፤ ሐኪሙ በመርፌ ከፊኛዋ ራሱ ይወስዳል።

ለጉዞው ጠንካራ ካርቶን አየር እንዲያስገባ ይብሱ፣ ሥሩ ላይ የምትተኛበትን ጨርቅ ሳይታጠብ ያንጥፉ። ከላይ በነጠላ ይሸፍኑት፣ ታክሲ ውስጥ ወለሉ ላይ ያስቀምጡት እንጂ ጭንዎ ላይ አይያዙ። ለደም ምርመራው ውኃ አይከልክሏት።